የወንድሜ ኩላሊት ቁጣ

ኖርድቪክ፣ ፌሮ ደሴቶች
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2004

ለወንድሜ ልጅ ለማርዩን፣
ኦርሁስ፣ ዴንማርክ

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤናና በደኅና ልብ ያግኝሽ። በያዝሽው የላቦራቶሪ ሥራ እጅሽን ያጽናልሽ፤ የምትረግጪው መንገድ ሁሉ የቀና ይሁንልሽ። እኔ አጎትሽ ራስሙስ በሕይወት አለሁ፤ ለዚህም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

የገና ካርድሽ ደርሶኛል። ሁለት ስሕተት አግኝቼበት በቀይ አርሜ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። አርባ ዓመት ያስተማረ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልምና አትቀየሚኝ።

የምጽፍልሽ ስለ አንድ ቁጥር ነው። እንደምታውቂው አባትሽ ሃኑስ በ1999 ከሁለት ኩላሊቶቹ አንዱን ሰጥቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት አገልግሎኝ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ቶርስሃቭን ከተማ ሆስፒታል እየሄድኩ ደሜን በማሽን አሳጥባለሁ። ይህን በትዕግሥት ተቀብዬው ነበር። ከመከር ጀምሮ ግን ሰውነቴ ከሳ፤ ማታ ማታ ያተኩሰኛል፤ ደም እንዲጨምርልኝ የሚወጉኝ መርፌም አልሠራ አለ። ባለፈው ሐሙስ ኤልስፓ የምትባለው ነርስ በቁራጭ ወረቀት ላይ «38» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። «በሰውነትዎ ውስጥ የሆነ ነገር ተቆጥቷል፣ መምህር። የት እንደሆነ ግን ደሙ አይናገርም» አለች። ጥርሴን፣ ሳንባዬን፣ መርፌው የሚገባበትን ክንዴን ሁሉ መረመሩ። ምንም አላገኙም።

ቁጣ በእጥበቱ ክፍል ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። አጠገቤ የሚተኛው ዓሣ አጥማጅ ባለፈው ሳምንት ጠጥቶ መጥቶ መርፌውን ከክንዱ ነቅሎ ወረወረው። ደሙ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን ነካ፤ የእኔንም ፊት አለበሰው። ደሙ በጉንጬ ላይ እየወረደ ራስን ስለ መግዛት ገሠጽሁት። ኤልስፓ ክንዱን በሁለት እጇ ጨምቃ «መምህር፣ መጀመሪያ ደሙ ይቁም፤ ትምህርቱ ይደርሳል» አለችኝ።

የምለምንሽ ይህ ነው። የዚህን ቁጥር ትርጉም ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው አድርገሽ ጻፊልኝ። እንዳታለሳልሺልኝ፤ እኔም ለማንም አለሳልሼ አላውቅም። አባትሽ እኔ ክፍል በተማረ ጊዜ በመጨረሻው ፈተና አምስት ሰጥቼ ጥዬዋለሁ። ማለፊያው ስድስት ነበር። ወንድሜ ነው ብዬ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩለትም።

ይህንን ደብዳቤ ለእርሱ አታሳዪው።

አጎትሽ ራስሙስ


ኦርሁስ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ ለራስሙስ፣

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ፤ የመንገዱንም ድካም ያቅልልዎ። ሁለቱን ስሕተቶች ሳይነግሩኝ ቀሩ፤ ስመጣ አሳዩኝ።

እንዳላለሳልስ አዘውኛልና እነሆ። ሰውነት ጠላት ገባብኝ ባለ ጊዜ ጉበታችን አንድ ፕሮቲን ወደ ደም ያፈስሳል። ኤልስፓ የጻፈችልዎ ቁጥር የዚያ ፕሮቲን ልክ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ከአምስት አይበልጥም። ኩላሊታቸውን በሚያሳጥቡ ሰዎች ላይ መርፌውም ማሽኑም ሰውነትን ስለሚያስቆጣ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ሠላሳ ስምንት ግን የተለመደ አይደለም። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ደግሞ አለመውረዱ ነው። ተቆጥቶ የሚበርድ ሰውነት ራሱን ያድናል። ለወራት ሳይበርድ የሚቆጣ ሰውነት ግን ጠላቱን ይተውና የራሱን የደም ሥር፣ የራሱን ጡንቻ፣ በመጨረሻም የራሱን ልብ ይበላል። እኔ በየቀኑ እንዲህ ያሉ ብልቃጦች በእጄ ያልፋሉ። ስም የላቸውም፤ መለያ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ቁጥሩ እየወጣ የሚሄድ ሰው ብልቃጥ አንድ ቀን መምጣቱን ያቆማል።

ስለዚህ በግልጽ እጠይቅዎታለሁ። እግርዎ ላይ ቁስል አለ? ወድቀው ያውቃሉ? ተመትተው ያውቃሉ? አባቴ የሰጠዎት ኩላሊትስ አሁንም በሆድዎ ውስጥ ነው? የሞተ ኩላሊት ሳይወጣ ሲቀር አንዳንድ ጊዜ ሰውነት በእርሱ ላይ ይነሣል።

ስለ አባቴ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እነግርዎታለሁ። ባለፈው ዓርብ ወደብ ዳር ካለው መጠጥ ቤት ፖሊስ ጠርቶኝ አመጣሁት። አንድ ጎረምሳ ዓሣ ነባሪ መትታ ባጠፋችው ዓይኑ ቀልዶበት ነው፤ «ካፒቴን፣ ዓሣዋ ስትጠቅስህ አንተም ስትጠቅሳት ዓይንህ ተጨፍኖ ቀረ እንዴ?» ብሎት። አባቴ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «ቀረብ በል፣ ላሳይህ» አለው። መንጋጋውን ሰበረው። ሁለት ጥርስ ጠረጴዛው ላይ ተገኘ። ወደ ቤት ስንመለስ እጁ ላይ የቀረውን የሰው ደም በኮቱ እየጠረገ ይስቅ ነበር።

ወደ እኔ ከመጣ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው፤ የእርስዎን ስም አንድ ጊዜም አንሥቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

በየወሩ ቁጥሩን ይላኩልኝ።

አክባሪዎ ማርዩን


ኖርድቪክ፣ ማርች 30 ቀን 2004

ለማርዩን፣

ሰላምና በረከት ከአንቺ አይራቅ። ትምህርትሽ ግልጽ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ከዐሥራ ሦስት ዐሥራ አንድ እሰጥሻለሁ።

ቁጥሩ 61 ደርሷል። እንደ ገመትሽው ሐኪሞቹ የወንድሜን ኩላሊት በምስል አይተው ጠላቱ እርሱ ነው አሉ። ሞቶ ከቀኝ ብሽሽቴ በላይ ተቀምጧል፤ አብጧል፤ ሰውነቴም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋዋል። ቆርጠን እናውጣው አሉኝ። አልፈቀድኩም። አወጡት እንበል፣ የት ያደርሱታል ብዬ ጠየቅሁ። ከሆስፒታል ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል አሉኝ። የወንድሜን ሥጋ ለቆሻሻ እሳት አሳልፌ አልሰጥም። ሰው የተሰጠውን ይዞ ይኖራል፤ ቢከፋም ይዞት ይሞታል። ከእንግዲህ በዚህ ነገር እንዳታደክሚኝ።

ተመትተው ያውቃሉ ወይ ብለሽኛል። ሁሉም የሚያውቀውን እነግርሻለሁ። በኦገስት 2001 የዓሣ ነባሪ መንጋ ታየ ተብሎ ጥሪ ተሰማ። ሐኪም ከቀዝቃዛ ባሕር ከልክሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የኖርድቪክ ወንድ ጥሪ ሰምቶ ዳር አይቆምም። የጀልባችንን ባለ ረጅም ዘንግ መንጠቆ ይዤ ሮጥኩ። ጀልባዎቹ ሰባ ሁለት ዓሣ ነባሪ ወደ ባሕረ ሰላጤያችን ነዱ። ወንዶች እስከ ደረታቸው ገብተው ገመድ ሳቡ። ቢላዋ ከአናት በስተኋላ ሲገባ የሚፈልቀው ደም ትኩስ ነው፤ በዚያ በረዶ ውኃ ውስጥ እጅ ያሞቃል። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ጅራታቸውን ባወራጩ ቁጥር ደሙ እንደ ዝናብ ይመለስብን ነበር፤ ጩኸታቸውም ከሰው ጩኸት አይለይም ነበር። የመጨረሻዋ ዓሣ ነባሪ፣ አባትሽና እኔ ውኃው ውስጥ ከጎኗ ቆመን ሳለ፣ ጅራቷን አነሣች። በአንድ ምት የእኔን ሆድ፣ የእርሱንም ዓይን መታች። ኩላሊቱ ከዚያ ቀን በኋላ አልሠራም።

የሆነው ይህ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የቀረው ዓይኑ ያያል? በምን ያነብባል?

አጎትሽ ራስሙስ


ኦርሁስ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ሕመምዎን ያቅልልዎ።

አባቴ በቀረው ዓይኑ ያያል። ጋዜጣ ግን ማንበብ ትቷል፤ በእጁ መዳፍ ፊቱን ሸፍኖ ሬዲዮ ይሰማል።

የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ ሁልጊዜ የሚነግረኝ በመጀመሪያዋ ዓሣ ነባሪ እንደ ተመታ ነው፤ ያውም ባሕሩ ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ ገመድ እየሳበ። እርስዎ የመጨረሻዋ ናት፣ ውኃ ውስጥ ነን አሉኝ። ሁለታችሁም በዚያች ቀን አንድ ቦታ ነበራችሁ። በሕይወትዎ ሙሉ አንድን ነገር በሁለት መንገድ የተናገሩ ሁለት ተማሪዎች ሲያጋጥሙዎ ምን ያደርጉ ነበር?

እኔ ያደረግሁትን ልንገርዎ። የአባቴን የሕክምና ወረቀቶች ከሳጥኑ አውጥቼ አነበብኩ። የዓይን ሐኪሙ ከዓይኑ ጉድጓድ ሦስት ስንጣሪ አውጥቷል። የእንጨት ስንጣሪ ነው፤ በላዩ ሰማያዊ ቀለም አለበት።

በኖርድቪክ እያንዳንዱ ቤት የመንጠቆውን ዘንግ በራሱ ቀለም እንደሚቀባ አልረሳሁም። የዛካሪስ ቤት ቀይ ነው። የጎረቤታችን ቤት ነጭ። በልጅነቴ የእኛን ቤት ሰማያዊ ዘንግ በየፋሲካው አብሬዎ ቀብቼዋለሁ፤ ብሩሹን እንዴት እንደምይዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የዓሣ ነባሪ ጅራት ቀለም አይቀባም፣ አጎቴ።

የእኛ ሥራ ደም የማይናገረውን ማናገር ነው። የእርስዎ ቁጥር 61 ነው። እውነቱን ይጻፉልኝ፤ ሐኪሞቹም ይቁረጡልዎ። ከኩላሊቱና ከእርስዎ ጋር አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር አልፈልግም፤ አንድ ጊዜ እዚያ መንደር ተቀብሮ ነው የመጣው።

ማርዩን


ኦርሁስ፣ ጁን 10 ቀን 2004

ለአጎቴ ለራስሙስ፣

ከጻፍኩልዎ ሰባት ሳምንት አለፈ። በጤና ይሁን በቁጣ ዝም ያሉት አላውቅም።

አባቴ የማርቹን ደብዳቤዎን ከቦርሳዬ አግኝቶ አነበበው። አስነብቢኝ አላለኝም፤ በዚያች አንድ ዓይኑ፣ መስኮት ዳር ቆሞ፣ ረጅም ጊዜ ፈጅቶ ራሱ አነበበ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን በጫማው መታው። ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ ግድግዳ ላይ ሰበረ። ላስቆመው ስል በክርኑ ገፋኝ፤ ከንፈሬ ተተረተረ። ደሙን ሲያይ ወለሉ ላይ ተቀመጠና «እኔ ውስጡ አለሁ። እዚያው ይሙት። ኩላሊቱ የኔ ነው፣ ይብላው» አለ።

ሌላ ምንም አልጠይቅም። ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ።

ማርዩን


ኖርድቪክ፣ ጁን 29 ቀን 2004

ለወንድሜ ልጅ ለማርዩን፣

እግዚአብሔር ከንፈርሽን ይፈውስልሽ። ያ ደም በእኔ ላይ ነው።

ቁጥሩ 94 ነው። ካሁን በኋላ ደረጃ መውጣት አልችልም። ሐኪሙ እስከ ገና አትደርስም ብሎኛል፤ ስለ ቀጥተኛነቱ አመስግኜዋለሁ።

የጠየቅሽኝን እጽፋለሁ። ይህንን ለአባትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። አንዳች ነገር አትዝለዪ።

ቄሱ ወደ መንደራችን በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። በቀሩት እሑዶች ከስብከቱ መጽሐፍ የማነብበው እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንብቤአለሁ። አንባቢ ከመጽሐፉ ላይ የራሱን ቃል አይጨምርም። ሕጉ ይህ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ብቻ አፍርሼዋለሁ። በዚያው በ2001 በጋ፣ አባትሽ ኩላሊቱን ከሰጠኝ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ መጽሐፉን ዘግቼ ስለ ስካር በራሴ ቃል ተናገርኩ። ስሙን ጠራሁት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከነባርኔጣው ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ተነሥቶ አልወጣም፤ እስከ መጨረሻው መዝሙር ድረስ ተቀመጠ። እኔ በዚያ ቀን ቀጥ ያለ ሰው መሰልሁ ለራሴ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥሪው መጣ። ያቺ ዓሣ ነባሪ የምትባለው አልነበረችም። እርዱ አልቆ ነበር። ወንዶቹ በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው፣ ሁሉም እስከ አንገታቸው በደም ታጥበው፣ ጠርሙስ እየተቀባበሉ ነበር። አባትሽ ተነሣና በሁሉ ፊት «ጋሼ፣ እኔ ሰካራም ከሆንኩ ኩላሊቴም ሰካራም ነው። አንተ ንጹሕ ሰው ነህ፤ የእኔ ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል? መልስልኝ» አለ። ሳቁ። ያሳበደኝ ሳቃቸው ነው ልል ነበር፤ እንዲህ ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ዘንጉን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ፊቱ ላይ አሳረፍኩት። ዘንጉ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰማሁ። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ዓይኑን በእጁ ያዘ፤ በጣቶቹ መካከል የወጣው ደም ከዓሣው ደም ጋር ተቀላቀለ። ያን ጊዜ ዘንጉን መጣል ይገባኝ ነበር። ሁለተኛ ልመታው አነሣሁት። እርሱ ቀድሞ ተነሣና በብረት አፍንጫ ጫማው እዚያው ኩላሊቱ ያለበት ቦታ ላይ ረገጠኝ። ወደቅሁ። ወድቄም ሁለት ጊዜ ረገጠኝ። «የራሴን ነው የምረግጠው፣ የራሴን ነው» እያለ ነበር፤ እያለቀሰም ነበር።

የእርዱ አለቃ ዛካሪስ መጥቶ በመካከላችን ቆመ። መሣሪያ ይዘው የተደባደቡበትን ባሕር የአውራጃው ሹም ለእርድ እንደሚዘጋው ሁላችንም እናውቃለን። ዛካሪስ ዞሮ ሰዉን አየና «ዓሣ ነባሪ ነው የመታቸው። ያላየ ካለ አሁን ይይ» አለ። ሁሉም አዩ። እኔም መሬት ላይ ተኝቼ ሐሞት እያስመለስሁ «አዎን፣ ዓሣ ነባሪ ናት» አልኩ። እዚያ ከቆሙት መካከል ሃያ የሚሆኑት እውነት መናገርን ከእኔ ነበር የተማሩት።

አሁን ለአባትሽ እንዲህ በዪው። ኩላሊቱ የእርሱ ነው። እኔ መብቴን በዚያ ዘንግ ሰብሬዋለሁ። ስለዚህ ልጥለው ወይም ልይዘው የምወስነው እኔ አይደለሁም። ይውጣ ካለ ይወጣል። ይቅር ካለ ይቀራል፤ እኔም አብሬው እቀበራለሁ፤ ሐኪም አላስጨንቅም፣ በማንም ላይም አላሳብብም። ይቅርታ በፖስታ አይለመንምና በዚህ ወረቀት ላይ አልለምነውም። እሑድ ጁላይ 4 ግን በንባቡ ሰዓት መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ እዘጋዋለሁ።

መልሱን እጠብቃለሁ።

ራስሙስ


ኦርሁስ፣ ጁላይ 23 ቀን 2004

ለአጎቴ ለራስሙስ፣

በሕይወት ይጠብቅዎ። ይህን ቃል ዛሬ ለወግ ያህል አይደለም የምጽፈው።

አንዳች ሳልዘል አነበብኩለት። ስለ ሦስተኛው ረድፍ የጻፉትን ሳነብ «ባርኔጣዬ ጭኔ ላይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባርኔጣ አላደርግም» ብሎ አረመኝ። ሐኪሙ እስከ ገና አትደርስም እንዳለዎ የጻፉበትን ድጋሚ አስነበበኝ። ከዚያ ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ ሁለት ቀን አልተመለሰም። ሲመጣ የሁለት እጆቹ አንጓ ተልጦ ነበር። ማንን መታህ ብዬ ብጠይቀው የወደቡን የብረት በር ነው አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፤ በሩ ጎብጧል።

እኔም ተቆጥቼባችኋለሁ፤ በሁለታችሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማያውቁኝ ሰዎች ደም ስጨነቅ የራሴን ቤት ደም ደብቃችሁኛል። ይህን ስንገናኝ እናወራዋለን።

መልሱን ራሱ ልጻፍ ብሎ ብዕሬን ቀምቶኛል። ከዚህ በታች ያለው የእርሱ እጅ ነው።

ጋሼ፣ ስሰጥህ ያዘው አልኩህ እንጂ ሙትበት አላልኩህም። አስወጣው። ቢያቃጥሉትም ያቃጥሉት፤ እኔ በዚያች ቀን ገድዬዋለሁ። የት እንደምረግጥ እያወቅሁ ነው የረገጥኩት። የዓይኔን ነገር ግን ፊት ለፊት ነው የምንነጋገረው። መርከብ አግኝቼ እስክመጣ እንዳትሞት። ሃኑስ።


ኖርድቪክ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2004

ለተወደደችው የወንድሜ ልጅ ለማርዩን፣

ይህን ደረጃ ወጥቼ ነው የምጽፍልሽ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሰላምታ የለኝም። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።

በተናገርኩት ቀን መጽሐፉን ዘጋሁ። ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው፤ የራሴን ምት፣ የወንድሜን እርግጫ፣ የሁላችንንም ሐሰት። ስጨርስ ዛካሪስ ተነሥቶ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መዝሙሩን ብቻዬን ዘመርኩ። የቤተ ክርስቲያኑንም ቁልፍ በማግስቱ ለቄሱ ልኬለታለሁ፤ ከእንግዲህ አንባቢ አይደለሁም።

የአውራጃው ሹም በሳምንቱ መጣ። ባሕረ ሰላጤያችን ለሁለት ዓመት ተዘጋ፤ በኖርድቪክ ዓሣ ነባሪ አይታረድም። ሹሙ በሄደ ማግስት አውራ በጌን አንገቱን ቆርጠው ደጃፌ ላይ አጋደሙት። በእሑድ ቀትር፣ ፀሐይ ላይ፣ መስኮቶቼን በድንጋይ አረገፉ፤ የሚወረውሩትን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ የእጅ ጽሑፋቸውን ያረምኩላቸው ናቸው። ሌላ ቀን ከእጥበት ተመልሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ዛካሪስ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ግራ ክንዴን ያዘና «ይህችን ነው የሚያጥቡልህ? ምላስህን ባጠቡልህ ኖሮ» ብሎ ጠመዘዘው። የመርፌው ቀዳዳ ተከፈተ። በዚያ ቦታ ደም ሥሩ እንደ ቧንቧ ነው፤ የሚያቆመው ካላገኘ የሰው ደም በደቂቃዎች ያልቃል። መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ ኤልስፓ እንዳስተማረችኝ፣ አውራ ጣቴን ተክዬ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ማንም በሩን አልከፈተም። አልፈርድባቸውም፤ ዝም ማለትንም ከእኔ ነው ያዩት።

በኦገስት 17 ቆረጡኝ። የወጣውን ነገር አሳዩኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ አሳዩኝ። ግራጫ ነው፤ እንደ ቡጢ ተጨብጦ ጠንክሯል። በማግስቱ ቁጥሩ 140 ሆነ፤ ቢላዋውም ሰውነትን ያስቆጣል አሉኝ። በሳምንቱ 70፣ ከዚያ 22። ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ደም የሚጨምረው መርፌም መሥራት ጀመረ።

አባትሽ በሴፕቴምበር 20 ደረሰ። ደጃፉን ስከፍት ድንጋይ የሰበረውን መስኮት፣ በእንጨቱ ላይ የቀረውን የበግ ደም በዚያች በአንድ ዓይኑ እያየ ቆሞ ነበር። ሰማያዊው ዘንግ ከበሩ ኋላ ነበር፤ ስንጥቁን በሽቦ አስሬ ሦስት ዓመት አስቀምጬዋለሁ። አንሥቼ ሰጠሁት። ከዚያ ዓይኖቼን ጨፍኜ ቆምኩ።

ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ «ክፈት። እኔ አንድ አለኝ፣ አንተ ሁለቱንም ከጨፈንክ ይህ ቤት በምን ያያል?» አለኝ።

ከፈትኩ። በተከፈተ መዳፉ መታኝ። ወለሉ ላይ ወደቅሁ፤ የኋላ ጥርሴ ወለቀ። «ይህ ለዓይኔ ነው» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለቱ ብብቶቼ ይዞ፣ ቁስሌ እንዳይፈታ ተጠንቅቆ፣ አነሣኝ። በፖስታ ያልለመንኩትን ይቅርታ ያን ጊዜ፣ በደም በተሞላ አፍ፣ ለመንኩት። ምን ብሎ እንደ መለሰልኝ በእኔና በእርሱ መካከል ይቅር።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ዛካሪስ ባለፈው ሳምንት ከሦስት ሰዎች ጋር ሲያልፍ ቆም ብሎ «መጣህ እንዴ፣ ሃኑስ» አለው። አባትሽ «መጣሁ። ዓሣ ነባሪ አይተህ ከሆነ ጥራኝ» አለው። ሄዱ። ድንጋይ አልተወረወረም። ይቆማል ብዬ ግን አላምንም፤ ቁጣው ከእኔ ደም ወጣ እንጂ ከመንደሩ አልወጣም። እኔም ያስነሣሁትን አውቄ እቀመጣለሁ።

በየወሩ ቁጥሩን ይላኩልኝ ብለሽኝ ነበርና ይኸው። ዓርብ ዕለት አባትሽ ቶርስሃቭን ድረስ አብሮኝ ሄደ። አራት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ አጠገብ ተቀምጦ ደሜ በቱቦው ሲዞር አየ። ኤልስፓ ወረቀቱን ልትሰጠኝ ስትመጣ ከእጇ ነጥቆ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱን አጣጥፎ በደረት ኪሱ አስገባ፤ ባርኔጣውን አነሣ፤ እጄንም ይዞ ከወንበሩ አነሣኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ነው የነገረኝ።

«ስድስት» አለኝ። «ማለፊያ ነው፣ ጋሼ። ያውም ማንም ሳይጨምርልህ።»

አጎትሽ ራስሙስ